ኒምን እንደ አዩርቬዳ ለመጠቀም፦ ዛፉን ከመለየት እስከ መታጠቢያው ውሃ

ቪሻካፓትናም በምትባለው የሕንድ የወደብ ከተማ ለሁለተኛ ዲግሪ ስማር የተከራየሁት ቤት ግቢ ውስጥ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ ነበር። በዚያች ከተማ ባለው የአንድራ ዩኒቨርሲቲ ብዙ ኢትዮጵያውያን ተምረዋል፤ በግቢው የኒም ጥላ ሥር ያልተቀመጠ ከመካከላቸው የሚገኝ አይመስለኝም። የቤቱ ባለቤት እናት፣ እኛም እንደ ልጆቻቸው «አማ» እያልን የምንጠራቸው አሮጊት፣ ማለዳ ማለዳ ወደ ዛፉ ሄደው አንድ ነገር ይዘው ይመለሱ ነበር። አንድ ቀን ለጥርስ ቅርንጫፍ ነው፣ ሌላ ቀን ለልጅ ልጃቸው ገላ ቅጠል፣ መጋቢት ሲገባ ደግሞ አበባ።

እኔም ልምዱን ለመውሰድ ቸኩዬ አንድ ማታ ቅጠሉን ቀቅዬ ልጠጣ ስል አማ አይተው ብርጭቆውን ከእጄ ወሰዱት። «ለቆዳ ከሆነ ራስህ ቅጠፍ፤ ለሆድ ከሆነ ግን ቫይድያውን ጠይቅ» አሉኝ። ቫይድያ የአዩርቬዳ፣ ማለትም የጥንቱ የሕንድ ባህላዊ ሕክምና፣ ሐኪም ማለት ነው፤ በዛሬዋ ሕንድ በዚህ ሙያ በዲግሪ ለመመረቅ የአንድ ዓመት የተግባር ልምምድን ጨምሮ አምስት ዓመት ተኩል መማር ያስፈልጋል። ይህን መመሪያ የምጽፈው አማ ያሰመሩልኝን ያንን መስመር ጠብቄ ነው። ከቆዳ ላይ የሚውለውን በዝርዝር አስረዳለሁ፤ ወደ ውስጥ የሚገባውን ግን ለማስጠንቀቅ ያህል ነው የማነሣው።

አዩርቬዳ በኒም ላይ ያለው አመለካከት

በሳንስክሪት ስሙ ኒምባ ነው፤ ሳይንሳዊ ስሙም አዛዲራክታ ኢንዲካ። ቻራካና ሱሽሩታ በሚባሉት ጥንታዊ የሕክምና ድርሳናት ውስጥ ለቆዳ ሕመም፣ ለማሳከክ፣ ለቁስል፣ ለትኩሳትና ለትላትል ተደጋግሞ ይጠራል። አዩርቬዳ መድኃኒትን የሚመድበው በመጀመሪያ በጣዕሙ ነው። ኒም መራራ ነው፤ መራራ ነገር ደግሞ ሰውነትን ያቀዘቅዛል፣ ያደርቃል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህም «ፒታ» የሚሉትን የሙቀት ኃይልና «ካፋ» የሚሉትን የእርጥበትና የክብደት ኃይል ያስታግሣል ይላሉ። ለቀላ፣ ለሚያቃጥል፣ ውሃ ለሚቋጥርና ለሚያሳክክ ቆዳ የሚያዙትም በዚህ ምክንያት ነው። «ቫታ» የተባለውን የድርቀትና የነፋስ ኃይል ግን ያባብሳል ስለሚሉ፣ ቆዳው ለደረቀና ለተሰነጣጠቀ፣ ሰውነቱም ለከሳ ሰው ኒምን አብዝቶ መስጠትን አይወዱም። ይህን የማነሣው ለተግባር ስለሚጠቅም ነው፦ ድርቀት ያለበት ቆዳ በኒም ውሃ ደጋግሞ ሲታጠብ ይበልጥ እንደሚደርቅ በራሴ ክንድ አይቻለሁ።

የዘመኑ ኬሚስትሪም ዛፉን ችላ አላለውም። ሳሊሙዛማን ሲዲቂ የተባሉት ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1942 ከኒም ዘይት ኒምቢን የተባለውን መራራ ንጥረ ነገር ለይተው አወጡ። እ.ኤ.አ. በ1959 ደግሞ ሃይንሪክ ሽሙተረር የተባሉ ጀርመናዊ የነፍሳት ተመራማሪ በጎረቤታችን በሱዳን የአንበጣ መንጋ ሌላውን ዛፍ ሁሉ ሲያራቁት ኒሙን ሳይበላ ማለፉን አስተዋሉ። ነፍሳትን እንዳይበሉና እንዳያድጉ የሚያደርገው አዛዲራክቲን የተባለው ንጥረ ነገር በይበልጥ የሚገኘው በፍሬው ውስጥ ባለው ዘር ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ዘይቱን ከቅጠሉ ለይተን ለምን እንደምንፈራው ኋላ ላይ ይገባናል።

መጀመሪያ ዛፉ ኒም መሆኑን አረጋግጡ

ለእኛ ትልቁ አደጋ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እሄድበታለሁ። በአገራችን ኒም ተብለው የሚጠሩ ሁለት ዛፎች አሉ። አንደኛው የምንናገርለት እውነተኛው ኒም ነው፤ በድሬዳዋ መንገዶች ዳር፣ በአዋሽ ሸለቆና በጋምቤላ ይገኛል። ምሬቱ ኪኒን ስለሚያስታውስ «የኪኒን ዛፍ» ሲሉትም ሰምቻለሁ። ሁለተኛው ሜሊያ የሚባለው የቅርብ ዘመዱ ነው፤ በደጋና በወይና ደጋ ከተሞች ለአጥርና ለጌጥ ይተከላል፣ በሰፈር ግን እሱንም ኒም ይሉታል። የሜሊያ ፍሬ መርዛማ ነው። በልተውት የሞቱ አሳማዎችና ሌሎች እንስሳት አሉ፤ ሰውንም ይመርዛል። ከሕንድ ከተመለስኩ በኋላ አንድ ዘመዴ ቤት ለስኳር በሽታ ይጠቅማል ተብሎ በየጠዋቱ የሚጠጣው «የኒም ቅጠል» የሜሊያ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እግዚአብሔር ጠብቋቸው እንጂ ነገሩ የከፋ ሊሆን ይችል ነበር።

ለመለየት ቅጠሉን በእጃችሁ ይዛችሁ ተመልከቱ። የኒም ቅጠል አንድ ዘንግ አለው፤ በዘንጉ ግራና ቀኝ ትንንሾቹ ቅጠሎች በቀጥታ ይደረደራሉ። እያንዳንዷ ቅጠል እንደ ማጭድ ወደ አንድ ወገን የጎበጠች ናት፣ ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ነው፣ ከዘንጉ ጋር በምትገናኝበት ሥር ግራና ቀኟ እኩል አይደለም። የሜሊያ ዋና ዘንግ ግን ሌሎች ትንንሽ ዘንጎችን ያወጣል፤ ቅጠሎቹ የሚቀመጡት በእነዚያ ቅርንጫፍ ዘንጎች ላይ ነው። ዘንጉ ከተከፋፈለ እጃችሁን ሰብስቡ።

አበባው ጥርጣሬውን ይጨርሰዋል። የኒም አበባ ነጭ፣ ጥቃቅንና ማር ማር የሚሸት ነው። የሜሊያው ሐምራዊ ሲሆን መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ሐምራዊ ቱቦ አለው። ፍሬ ካለው ደግሞ የኒሙ እንደ ወይራ ፍሬ ሞላላ ነው፣ ሲበስል ቢጫ ሆኖ ይረግፋል። የሜሊያው ድቡልቡል ነው፤ ቅጠሉ ከረገፈ በኋላ እንኳን በዘለላ ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ውስጡ ያለው ጠንካራ ፍሬ በብዙ አገር ለመቁጠሪያ ይውላል።

አንድ ተጨማሪ ምልክት ደግሞ ከፍታው ነው። እውነተኛው ኒም የቆላ ዛፍ ነው፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 ሜትር ገደማ ካለፈ አይመቸውም፣ ውርጭም ይገድለዋል። ስለዚህ በአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ኒም ነው ብሎ ቅጠል ቢሰጣችሁ፣ ሜሊያ ነው ብላችሁ ተነሡ።

ቅጠሉን መልቀምና ማድረቅ

ጠል ከረገፈ በኋላ፣ ፀሐይ ሳትበረታ ልቀሙ። ቀዩን ለጋ ቅጠል ለዛፉ ተዉለትና ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ የሆነውን ያዙ። መኪና ከሚበዛበት መንገድ ዳርና ፀረ ተባይ ከሚረጭ እርሻ አጠገብ ካለ ዛፍ አትውሰዱ። በንጹህ ውሃ ሁለት ጊዜ እጠቡት፤ በሰፌድ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡትና ጥላ ውስጥ አድርቁት። ፀሐይ ላይ የደረቀ ቅጠል ይነጣል፣ ሽታውም ይጠፋል። እንደ አየሩ ሁኔታ ከሦስት ቀን እስከ ሳምንት ይፈጃል፤ በጣት ሲያሹት ተሰባብሮ ዱቄት ከሆነ ደርቋል። ትንሽ እርጥበት ከቀረው ሻጋታ ስለሚያበቅል አትቸኩሉ። ከደረቀ በኋላ በሙቀጫ ወቅጣችሁ በወንፊት ንፉት፤ በሚከደን ጠርሙስ አድርጋችሁ ስሙንና የተለቀመበትን ቀን ጻፉበት። ከስድስት ወር በላይ የቆየውን እኔ ለቆዳ አልጠቀምበትም፤ ነቀዝ እንዳይገባ እህል መሐል አደርገዋለሁ። ሕንዶችም በእህል ጎተራና በልብስ ሣጥን ውስጥ የደረቀ የኒም ቅጠል መጨመር የቆየ ልማዳቸው ነው።

የመታጠቢያ ውሃ

ከሁሉም ቀላሉና አደጋው ትንሹ አጠቃቀም ይህ ነው። በሕንድ ፈንጣጣ በነበረበት ዘመን የታመመው ሰው አልጋ ላይ የኒም ቅጠል ይነጠፍ ነበር፤ ዛሬም ከጉድፍ ያገገመን ልጅ በኒም ውሃ አጥቦ ወደ ሰው መቀላቀል በብዙ ቤት የሚከበር ሥርዓት ነው።

ሁለት እፍኝ ትኩስ ቅጠል (ደረቅ ከሆነ አንድ እፍኝ) በሦስት ሊትር ውሃ ውስጥ ጨምሩ። ውሃው ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና ለአሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ከድናችሁ አንተክትኩት። ቀለሙ አረንጓዴነቱን ለቆ ወደ ቡናማ ሲያደላ አውርዱት፤ ለብ እስኪል ድረስ እንደተከደነ ተዉትና በንጹህ ነጠላ ጨርቅ አጥልሉት። በመጀመሪያ በተለመደው ሳሙና ታጠቡ፣ ሳሙናውን አስለቅቁ፣ ከዚያ የኒሙን ውሃ በመጨረሻ ሰውነታችሁ ላይ አፍስሱ። ወዲያው ሌላ ውሃ አትጨምሩበት። ዓይን ውስጥ ከገባ ያቃጥላል። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ይበቃል። ለሙቀት ሽፍታ፣ ለላብ ማሳከክና ለጀርባ ብጉር ጥሩ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ለፎረፎርም ይኸው ውሃ ያገለግላል። ፀጉር ከታጠበ በኋላ የራስ ቆዳ ላይ አፍስሶ በጣት ማሸትና ለአሥር ደቂቃ መተው ነው። የተረፈውን ውሃ ለነገ አታስቀምጡ፤ በየጊዜው አዲስ አፍሉ።

አዩርቬዳ ጠንከር ላለ ውሃ የራሱ ቀመር አለው። ለስላሳ ነገር ከሆነ የመድኃኒቱን አራት እጥፍ ውሃ፣ መካከለኛ ከሆነ ስምንት እጥፍ፣ እንደ ልጥ ጠንካራ ከሆነ አሥራ ስድስት እጥፍ ውሃ ይጨመርና አንድ አራተኛው እስኪቀር ድረስ ይፈላል። ቁስል የሚያጥቡበት ይህ ጠንካራው ነው። በቤት ውስጥ ለተሰነጠቀ ወይም ለሚደማ ቁስል ግን አልመክረውም፤ ጥልቅ ቁስል ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የኒምና የእርድ ልጥፍ፦ ለእከክና ለጭርት

ኒምን ካደነቅሁባቸው አጠቃቀሞች አንዱ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ ከደቡብ ሕንድ የተገኘ ጥናት እከክ የያዛቸውን 814 ሰዎች የኒምና የእርድ ልጥፍ አስቀብቶ ነበር፤ 97 በመቶዎቹ ከ3 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ መዳናቸውን ዘግቧል። ይህ የመነሻ ጥናት ስለነበረ የመጨረሻ ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም። ነገር ግን ሁለቱም ዕቃዎች ርካሽና በእጅ የሚገኙ በመሆናቸው፣ እከክ በየጊዜው በሚነሣበት አገር ላለን ሰዎች ልብ ሊባል የሚገባ ነው።

አራት እጅ ትኩስ የኒም ቅጠልና አንድ እጅ እርድ አዘጋጁ። ቅጠሉን በሙቀጫ ወይም በድንጋይ ላይ በጥቂት ውሃ ፍጩት፤ ክሩ እስኪጠፋና ሊጥ እስኪመስል ድረስ አትተዉት። እርዱን ጨምሩና አዋሕዱ። ከመቀባታችሁ በፊት በክርናችሁ መታጠፊያ ላይ የባቄላ ፍሬ ታህል አድርጋችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ቀልቶ ካበጠ ወይም ካቃጠለ ለእናንተ አይሆንም።

ቆዳችሁ ካልተቆጣ ገላችሁን ታጠቡና ማታ ማታ ከአንገት እስከ እግር ጣት ቀቡ፤ በጣቶች መካከል፣ በብብት፣ በወገብ ዙሪያና በእጅ አንጓ ላይ አትርሱ፣ እከኩ የሚደበቀው እዚያ ነው። ደርቆ ሲሰነጣጠቅ በለብታ ውሃ ታጠቡት። እርዱ ልብስና አንሶላ ያቀልማልና አሮጌ ልበሱ። ከልጥፉ እኩል አስፈላጊ የሆነው በቤት ውስጥ ያሉ ሁሉ በአንድ ቀን መጀመራቸው ነው፤ ልብስና አልጋ ልብስም በሙቅ ውሃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። አንዱ ሳይቀባ ከቀረ እከኩ ይመለሳል። በአሥር ቀን ለውጥ ካላያችሁ፣ መግል ከያዘ ወይም የታመመው ሕፃን ከሆነ አትዘግዩ፤ ጤና ጣቢያ ለእከክ የተረጋገጠ መድኃኒት አለ።

ለጭርትም ልጥፉ ያው ነው፤ የሚቀባው ግን ክቡ ላይና ከዳሩ አንድ ጣት ያህል አልፎ ብቻ ነው።

ቅርንጫፉ፦ የሕንዶች መፋቂያ

ይህን ለሐበሻ ማስተማር አያስፈልግም፤ ወይራና ክትክታ ስናኝክ ያደግን ነን። ሕንዶች ዳቱን ይሉታል። የጥንቱ ድርሳን ውፍረቱ እንደ ትንሿ ጣት፣ ርዝመቱ አሥራ ሁለት ጣት ይሁን ይላል። አንጓና ቁስል የሌለበትን ለጋ ቅርንጫፍ ቁረጡ፣ ልጡን ጫፉ ላይ ብቻ ላጡ፣ እንደ ብሩሽ እስኪበታተን አኝኩት። ከድድ ወደ ጥርስ አቅጣጫ በቀስታ ፋቁ፤ ወደ ጎን መጋዝ ድድን ያቆስላል። የሚመጣውን መራራ ምራቅ ትፉት። ነገ ደግሞ ያንኑ ጫፍ ቆርጣችሁ አዲስ አኝኩ። ኒም በድድ መድማትና በጥርስ ላይ በሚቀመጥ ቆሻሻ ላይ እንደሚረዳ የሚያሳዩ አነስተኛ ጥናቶች አሉ። የተቦረቦረ ጥርስን ግን አይሞላም፣ ፍሎራይድም የለውም፤ እኔ ጠዋት በመፋቂያው፣ ማታ በጥርስ ሳሙና እጠቀማለሁ።

ዘይቱ

የኒም ዘይት ከዘሩ የሚጨመቅ፣ ሽታው ከነጭ ሽንኩርት ጋር የሚቀራረብ፣ ብርድ ሲነካው የሚረጋ ወፍራም ዘይት ነው። ንጹሑን በቀጥታ ቆዳ ላይ አትቀቡ። አንድ የሻይ ማንኪያ የኒም ዘይት በዘጠኝ የሻይ ማንኪያ የሰሊጥ ወይም የኮኮናት ዘይት አቅጥኑ፤ በክርን መታጠፊያ ሞክሩት፤ ከዚያ ለቅማልና ለፎረፎር የራስ ቆዳ ላይ ቀብታችሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ በሻምፑ ታጠቡ። ቅማል ከሆነ በቀጭን ማበጠሪያ ማውጣትና በየሳምንቱ መድገም ግድ ነው።

በውጭ አገር ለምትኖሩ አንድ ማሳሰቢያ፦ በአበባና በአትክልት መሸጫ የሚገኘው የኒም ዘይት ለተክል ተባይ የተዘጋጀ ነው፤ ሌላ ኬሚካል ሊኖርበት ስለሚችል ሰውነት ላይ አይውልም። ለቆዳ ተብሎ የተሸጠውን ፈልጉ።

ይህን ዘይት ማንም አይጠጣ፤ ለልጅ ደግሞ ጠብታ እንኳን በአፉ አይሰጥ። እ.ኤ.አ. በ1981 ከማሌዥያ በወጣ የሕክምና ዘገባ፣ ለጉንፋን ይሆናል ተብሎ ይህ ዘይት በአፋቸው የተሰጣቸው 13 ሕፃናት በሰዓታት ውስጥ ማስመለስ፣ መፍዘዝና መንቀጥቀጥ ደርሶባቸው ጉበታቸውና አንጎላቸው ተጎድቷል። ልጅ በስህተት ከጠጣው እንዲያስመልስ አታስገድዱት፤ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ወደ ሆድ የሚገባው

በሕንድ የአዩርቬዳ ሐኪሞች የኒም ቅጠል ዱቄትን በአፍ ሲያዙ የተለመደው መጠን በቀን ከ1 እስከ 3 ግራም ነው፤ ለተወሰኑ ሳምንታት ብቻ፣ ብዙ ጊዜም ምሬቱንና ድርቀቱን ከሚያለዝቡ ሌሎች ዕፀዋትና ከተነጠረ ቅቤ ጋር። ቁጥሩን የጻፍኩት ያለ ሐኪም እንድትጀምሩ አይደለም፤ በየገጹ የሚታየው «ሁለት እፍኝ ቀቅላችሁ ጠጡ» የሚለው ምክር ከባህሉ ራሱ ምን ያህል እንደራቀ እንድታዩ ነው።

እርጉዝ ሴት በማንኛውም መልኩ አትጠጣው፤ ፅንስን ሊያጨናግፍ ይችላል። ልጅ ለመውለድ የሚሞክሩ ባልና ሚስትም ሁለቱም ይተዉት። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከጨመረበት ስኳሩ ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። የኩላሊት ወይም የጉበት ችግር ያለበትና ሰውነቱ የተተከለለትን አካል እንዳይገፋ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይራቀው። ወባን ደግሞ በኒም ለማከም የሚሞክር ሰው ሕይወቱን ነው አሲዞ የሚጫወተው፤ ትኩሳት ካለ ደም ተመርመሩ።

በእንክብል መልክ የሚሸጠውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 በቦስተን አካባቢ ከሱቆች ተገዝተው ከተመረመሩ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ ውስጥ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቷል። የላቦራቶሪ ምርመራ ማረጋገጫ የሌለውን አትግዙ።

ወደ አፍ ከገባ ብዬ በፍቅር የማስታውሰው አንድ ብቻ ነው። በዚያች ከተማ አካባቢ የሚኖረው የቴሉጉ ሕዝብ አዲስ ዓመቱን ኡጋዲን ሲያከብር ጥቂት የኒም አበባ ከሁመር፣ ካልተጣራ የሸንኮራ ስኳር፣ ከጥሬ ማንጎ፣ ከጨውና ከቃሪያ ጋር ደባልቆ ይቀምሳል። መራራው፣ ጣፋጩ፣ ኮምጣጣው ሁሉ በአንድ ማንኪያ ይገባል። አማ መዳፌ ላይ ሲያስቀምጡልኝ አበባው ከአሥር አይበልጥም ነበር።

መትከል ለምትፈልጉ

ቆላ ላይ ቦታ ያላችሁ ሰዎች ከማታውቁት ዛፍ ከመቅጠፍ የራሳችሁን ትከሉ። ከተረጋገጠ ዛፍ ሥር የበሰለ ቢጫ ፍሬ ልቀሙ፣ ሥጋውን በውሃ አሽታችሁ አስለቅቁ፣ ዘሩን ጥላ ላይ አንድ ሁለት ቀን አጠንፍፉ። የኒም ዘር ብዙ አይቆይም፤ በሁለትና ሦስት ሳምንት ውስጥ የመብቀል ኃይሉ እየጠፋ ስለሚሄድ ወዲያው በችግኝ ከረጢት ዝሩት። ውሃ ከማይተኛበት ቦታ ተክላችሁ የመጀመሪያዎቹን ሁለት በጋዎች ብታጠጡት ከዚያ በኋላ ድርቁን ራሱ ይችላል። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ያፈራል፤ ለመታጠቢያ የሚሆን ቅጠል ግን ከዚያ በፊት ይሰጣችኋል።